ለምልክትና ለዘመን፤ ስለ ፋሲካ ሐሳብና ስለ ሰማይ ምርምር የተጻፈ ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ ፩ ቍጥር ፲፬ ብርሃናት በሰማይ ጠፈር የተፈጠሩበትን ምክንያት ሲናገር ለምልክትና ለዘመን መሆናቸውን ያስታውቃል። ለምልክት ማለቱ፤ መንገደኛ በበረሓ፣ መርከበኛ በባሕር መሄጃውን እንዲያውቅባቸው ነው። አንድም ገበሬ የሚዘራበትንና የሚያጭድበትን ወራት እንዲለይባቸው ነው። አንድም ካህን የጸሎቱን ሰዓት፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን እንዲያገኝባቸው ነው። ይህ ጽሕፈት የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነገር ነው።

ከሰው ወገን አንዳንዱ፣ የፍጥረት ምርምር፣ ሳይንስ የሚሉት፣ ከሃይማኖት ጋራ እንደ እሳትና እንደ ውሃ የማይስማማ ነው ይላል። ይህንንም ነገር ሁለት ዐይነት ሰዎች ይናገሩታል። አንዱ ምርምርን ወድዶ ሃይማኖትን የሚንቅ ነው፤ ሁለተኛው ሃይማኖትን ወድዶ ምርምርን የሚፈራ ነው። እኛ ግን ለሁለቱም በክርክር ሳይሆን በታሪክ እንመልስላቸዋለን። ለታሪኩም ከነገር ሁሉ የፋሲካን ሐሳብ መርጠናል፤ ቤተ ክርስቲያን ከሰማይ ምርምር ጋራ ብዙ ዘመን የኖረችው በዚህ ምክንያት ነውና። የውጭ አገር ነገር ሲሆን ዓመቱን በኤውሮጳ አቈጣጠር ጽፈናል፤ የእኛ ሲሆን ዓመተ ምሕረት ብለን ለይተናል።

፩። ፋሲካ ሐሳብ ያስፈለገው ስለ ምን ነው

እንደ ጥምቀትና እንደ መስቀል ያለው በዓል በታወቀ ወር በታወቀ ቀን ስለሚውል ብዙ ሐሳብ አያሻውም። ትንሣኤ ግን ሦስት ነገር ይጠብቃል፤ ፀሓይን፣ ጨረቃን፣ ዕለትን። ጌታችን የተሰቀለው በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ነው፤ የአይሁድም ፋሲካ በኒሳን ወር በ14ኛው ቀን ጨረቃ ስትሞላ ነው። ስለዚህ የጨረቃን ሙላት ማወቅ ግድ ሆነ። ኒሳን ደግሞ ቀንና ሌሊት ከሚተካከሉበት ከመጋቢት ዕሪና ጋራ የሚገናኝ ወር ስለ ሆነ የፀሓይን አካሄድ ማወቅ ግድ ሆነ። ትንሣኤም በእሑድ ስለ ሆነ የዕለታትን ዙር ማወቅ ግድ ሆነ። ጨረቃም በ29 ቀን ተኩል ያህል እየታደሰች 12 ወርዋን በ354 ቀን ትፈጽማለችና በየዓመቱ ከፀሓይ 11 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች። ሁለቱን ማስታረቅ የሐሳቡ ሥራ ሁሉ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ክርስቲያኖች በዚህ ነገር ተለያይተው ነበር። በእስያ ያሉት በማናቸውም ዕለት ቢውል በ14ኛው ቀን ያከብሩ ነበር፤ የሮሜና የእስክንድርያ ሰዎች ግን እሑድን ይጠብቁ ነበር። አንዱ በጾምና በሐዘን ሳለ ሁለተኛው በደስታ ይበላ ነበረ። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡ ሠለስቱ ምዕት ስለ አርዮስ ክሕደት ከፈረዱ በኋላ ክርስቲያን ሁሉ ፋሲካን በአንድ ቀን እንዲያከብር ወሰኑ። ሐሳቡንም በማወቅ የእስክንድርያ ሰዎች የታወቁ ስለ ነበሩ፣ ሊቀ ጳጳሳቱ የፋሲካውን ቀን በየዓመቱ በመልእክት ያስታውቅ ነበር፤ የቅዱስ አትናቴዎስ የፋሲካ መልእክታትም እንደዚህ ያሉ ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል። የእስክንድርያ አባቶች ሐሳባቸውን ያቆሙት በምን ላይ ነው? በ19 ዓመት ዙር ላይ ነው። ይህም ዙር በባቢሎን የታወቀ ነበረ፤ በአቴናም ሜቶን የሚባል ሰው ጌታ ከመወለዱ 432 ዓመት አስቀድሞ፣ 19 የፀሓይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋራ እንደሚገጥም አስታወቀ። ከእስክንድርያ የወጣው የሎዶቅያ ኤጲስ ቆጶስ አናጦልዮስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ይህን ዙር ለፋሲካ ሐሳብ አደረገው። ሜቶንም የባቢሎንም ሰዎች አረማውያን ነበሩ፤ አባቶቻችን ግን አረማዊ የቈጠረውን አንቈጥርም አላሉም። ቍጥሩ እውነት ስለ ሆነ፣ እውነትም ሁሉ የእግዚአብሔር ስለ ሆነ ተቀበሉት። እስራኤል ከግብጽ ይዘውት የወጡት ወርቅ ለደብተራ ኦሪት ጌጥ እንደ ሆነ፣ የአሕዛብ ጥበብ ለትንሣኤ በዓል አገልጋይ ሆነ።

፪። ስለ ባሕረ ሐሳብ

በእኛ አገር ይህ ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ሊቃውንቶቻችን ለእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ የተገለጠ ነው ብለው ያስተምራሉ። እኔም በልጅነቴ በመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ አበቅቴና መጥቅዕን በጣቶቼ አንጓ እየቈጠርሁ ተምሬዋለሁ። ብራና ውድ ነበረና ወረቀታችን እጃችን ነበረች። መምህሬም፣ ቍጥር የማያውቅ ካህን የሰውን ጾም ይበላል ይሉን ነበር።

ምሳሌ እንዲሆን የ2017 ዓመተ ምሕረትን ሐሳብ እናሳይ። ዓመተ ፍዳ 5500 ከ2017 ጋራ 7517 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋልና ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ለ4 የደረሰው 1879 ከዓመተ ዓለሙ ጋራ 9396 ይሆናል፤ በ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋልና መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነው። ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። 11 በ19 ሲባዛ 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሆኑ፤ ሐሳቡ እንዳልተሳሳተ ምስክሩ ይህ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ደግሞ ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ከ29 ጋራ 33 ይሆናል፤ 30 ሲወጣ መባጃ ሐመሩ 3 ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 12 ሆነ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

ይህን የጻፍነው የሚያውቀውን ካህን ልናስተምር አይደለም። ያለ መሣሪያ፣ ያለ መጽሐፍ፣ በአንድ ሰው እጅና ልቡና የፀሓይና የጨረቃ አካሄድ ለዘመናት እንደ ተያዘ መኳንንቱ እንዲያስተውሉ ነው። በውጭ አገርም ሊቃውንት ተደንቀውበታል። ዮሴፍ ስካሊጄር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1583 ባወጣው ስለ ዘመናት አቈጣጠር በጻፈው መጽሐፉ የኢትዮጵያውያንን ሐሳብ አግብቶበታል። ኦቶ ኖይገባወር የሚባል የጥንት ሥነ ፈለክን ታሪክ የመረመረ ሊቅም በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የጥንቱ የእስክንድርያ ሐሳብ በግዕዝ መጻሕፍት ተጠብቆ እንደ ተገኘ አስረዳ። በሌላ አገር የተረሳውን የእኛ ደብተሮች ጠበቁት ማለት ነው።

፫። ስለ 11 ደቂቃ

ነገር ግን እውነትን የሚወድድ ሰው የወገኑን ጉድለትም መናገር ይገባዋል። የጥንቱ ሐሳብ የፀሓይን ዓመት 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ይቈጥራል። እውነተኛው ዓመት ግን ከዚህ 11 ደቂቃ ከጥቂት ሰኮንድ ያነሰ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ለአንድ ሰው ዕድሜ ምንም አይደለም፤ በ128 ዓመት ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ጨረቃም በ19 ዓመት ዙር ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለችና በ300 ዓመት ያህል አንድ ቀን ይሆናል።

ሮጀር ቤከን የሚባል የእንግሊዝ መነኩሴ በ1267 ወደ ሮሜው ጳጳስ ወደ አራተኛው ክሌምንጦስ በላከው መጽሐፍ የዘመኑ ሐሳብ ከሰማይ ጋራ እንደ ተለያየ ገልጾ እንዲታረም ለመነ፤ የሰማው ግን የለም። ነገሩ የተፈጸመው ከ315 ዓመት በኋላ ነው። ከካላብርያ የሆነ ሉዊጂ ሊሊዮ የሚባል ሐኪም ሐሳቡን አዘጋጅቶ በ1576 ሞተ፤ ክላቪዮስ የሚባል የኢየሱሳውያን መምህርና ሌሎችም መረመሩት። ከመርማሪዎቹም አንዱ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ከሶርያ የሄደ፣ የአንጾኪያ ፓትርያርክ የነበረ ኢግናጥዮስ ንዕመተ አላህ ነበር። በመጨረሻም ጳጳሱ 13ኛው ጎርጎርዮስ በ1582 ባወጣው ትእዛዝ ከጥቅምታቸው ወር 10 ቀን ተጣለ፤ ሐሙስ 4 ቀን ከዋለ በኋላ ማግስቱ ዓርብ 15 ቀን ተባለ። ወደ ፊትም እንዳይሳሳት የመቶ ዓመት መጨረሻ ሁሉ ለ400 ካልተካፈለ በቀር ጳጉሜን እንደምትጨምር ያለች ትርፍ ቀን እንዳይኖረው ተወሰነ።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተሰጠበት መንገድ ግን ክርክር አመጣ። የፕሮቴስታንት ነገሥታት፣ ከፀሓይ ጋራ ብንለያይ ይሻለናል እንጂ ከጳጳሱ ጋራ አንስማማም ያሉ ያህል ብዙ ዘመን እምቢ አሉ፤ እንግሊዝ የተቀበለችው በ1752 ነው። በእኛም አገር ዐፄ ሱስንዮስ ለሮሜ ሃይማኖት ባደሩ ጊዜ አፎንሶ ሜንዴዝ የሮሜን ሥርዐትና የሮሜን የበዓላት አቈጣጠር በግድ ሊያስይዝ ተነሣ። በዚህና በሌላው ሁሉ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ሕዝቡን ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ መለሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀን አቈጣጠር የሚናገር እንግዳ ሁሉ በኢትዮጵያ ካህን ጆሮ ስለ ሃይማኖት የሚከራከር ይመስላል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እውነተኛ ቍጥር በሰይፍ ሲመጣ ሰው ሰይፉን እንጂ ቍጥሩን አያይምና።

፬። በመጽሐፍ ላይ ስለ ተነሣ ክርክር

ኮፔርኒቆስ የሚባል በፖሎኒያ የካቴድራል አገልጋይ የነበረ ሊቅ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ምድር በፀሓይ ዙሪያ እንደምትዞር ጻፈ። መጽሐፉንም ለጳጳሱ ለሦስተኛው ጳውሎስ አበረከተው፤ በመግቢያውም ሥራው ለቤተ ክርስቲያን የዘመን ሐሳብ እንደሚረዳ አመለከተ። በኋላ ግን ጋሊሌዎ ይህን ትምህርት በመነጽሩ ካየው ጋራ አስተባብሮ ባስተማረ ጊዜ፣ ኢያሱ በገባዖን ፀሓይን አቆመ የሚለውን ቃል ያፈርሳል ብለው ተነሡበት። የኮፔርኒቆስም መጽሐፍ በ1616 እስኪታረም ድረስ ታገደ፤ ጋሊሌዎም በ1633 ተፈርዶበት ትምህርቱን በመሐላ እንዲክድ ተገደደ፤ በ1642 እስኪሞት ድረስ በቤቱ ተጠብቆ ኖረ። የሮሜው ጳጳስ ሁለተኛው ዮሐንስ ጳውሎስ በዚያ ነገር ዳኞቹ እንደ ተሳሳቱ የተናገሩት በ1992 ነው።

የፈረዱት ሰዎች መጽሐፍን መውደዳቸው አልነበረም ስሕተታቸው፤ መጽሐፍ ሊያስተምር ያልመጣውን ነገር አስተምሯል ማለታቸው ነው እንጂ። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሰበከ ጊዜ፣ ሙሴ የምድርን ክበብ ልክ ስላልተናገረ የሙሴ መጽሐፍ የሚያንስ አይደለም፤ ለነፍሳችን የማይጠቅመውን ትቶታልና ብሎ አስተምሯል። አውግስጢኖስም ኦሪት ዘፍጥረትን በተረጐመበት መጽሐፉ፣ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት ያልተማረውን በመጽሐፍ ስም ቢናገር የማያምኑ ሰዎች በመጽሐፉ ላይ ይሥቃሉ ብሎ አስጠንቅቋል።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በገዛ ቤታችን አለ። መጽሐፈ ሄኖክን ቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት ጋራ ትቈጥረዋለች። በእርሱም ከምዕራፍ ፸፪ እስከ ፹፪ ድረስ ስለ ፀሓይና ስለ ጨረቃ መስኮቶች ይናገራል፤ ዓመቱንም 364 ቀን ያደርገዋል። ባሕረ ሐሳብ ግን 365 ቀን ከሩብ ይቈጥራል። አባቶቻችን ሄኖክን በአትሮንስ አኑረው ያነብባሉ፤ ወንበርና አበቅቴን ሲቈጥሩ ግን ከእስክንድርያ በመጣው ሐሳብ ይቈጥራሉ። ስለዚህም አንዱ ሁለተኛውን ሄኖክን ካድህ ብሎ አልከሰሰውም። ሄኖክ የሚያስተምረን ብርሃናት ሳይሰለቹ ለፈጣሪያቸው እንዲታዘዙ ነው፤ የቀኑን ልክ ግን ዐይንና ቍጥር ይናገሩታል። በሮሜ የጋሊሌዎ ዳኞች ሊለዩት ያቃታቸውን ነገር የእኛ መምህራን በየዕለቱ ሥራቸው ለይተውት ኖረዋል።

ደግሞም ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጋሊሌዎ በተፈረደበት አገር ቤተ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው የሰማይ መመርመሪያ ሆኑ። የፋሲካን ሐሳብ ለማረም የዕሪናን ቀን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋልና፣ በትልልቅ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ቀዳዳ አበጅተው የፀሓይ ብርሃን በቀትር በወለሉ በተሰመረ መስመር ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ካሲኒ የሚባል ሊቅ በ1655 በቦሎኛ በቅዱስ ጴጥሮንዮስ ቤተ ክርስቲያን ያሰመረው 67 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ቀዳዳውም ከወለሉ 27 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በወለሉ ላይ የሚያርፈውን ክብ ብርሃን ከበጋ እስከ ክረምት እየለካ፣ ኬፕለር የሚባል የጀርመን ሊቅ ስለ ፀሓይና ስለ ምድር አካሄድ የተናገረው ከጥንቱ ከበጥሊሞስ ትምህርት ይልቅ ከሰማይ ጋራ እንደሚስማማ አገኘ። ሰዎች በሚሰግዱበት ወለል ላይ እውነት ተለካች፤ ስግደቱም አልጎደለም።

፭። ስለ ዛሬው ነገር

እንግዲህ ወደ 2017 ዓመተ ምሕረት ፋሲካ እንመለስ። በሐሳባችን ፍሥሕ፣ የጨረቃው 14ኛ ቀን፣ ሚያዝያ 9 ቀን ሐሙስ ነበር። በሰማይ ያለችው ጨረቃ ግን ሚያዝያ 5 ቀን ሌሊት ሞላች። አራት ቀን ተለያይተዋል። ዕሪናም በሐሳባችን መጋቢት 25 ቀን ነው፤ በሰማይ ግን ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት ዛሬ በመጋቢት 11 አካባቢ ነው። የኤውሮጳ አቈጣጠር በ2100 ትርፍ ቀን ስለሚጥል ከዚያ ወዲህ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይጨምራል። ይህን ማንም ሰው በጥርት ያለ ሌሊት ወጥቶ ጨረቃን ቢመለከት የሚያገኘው ነው፤ ሊደበቅ አይችልም፤ መደበቅም አይገባም።

ነገር ግን ይህን አይቶ ባሕረ ሐሳብ ከንቱ ነው የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። አንደኛ፣ 1700 ዓመት ቈጥሮ በጨረቃ 4 ቀን ብቻ የተለያየ ሐሳብ ከሰው ሥራ ሁሉ የሚደነቅ ነው። ሁለተኛ፣ የኒቅያ አባቶች ስለ ቀኑ የወሰኑት ለጨረቃ ክብር ሳይሆን ለአንድነት ነው። በ2016 ዓመተ ምሕረት የምዕራብ ክርስቲያኖች ትንሣኤን አክብረው ከፈጸሙ ከአምስት ሳምንት በኋላ እኛ አከበርን። በ2017 ግን፣ ከኒቅያ ጉባኤ 1700 ዓመት ሲሞላ፣ የሁለቱም ሐሳብ ሚያዝያ 12 ቀን ላይ ተገናኘ። አንዱ ሐሳቡን አርሞ፣ ሁለተኛው ሳያርም፣ በአንዲት እሑድ ክርስቶስ ተነሣ አሉ። ሰዎች ያልተስማሙበትን ሰማይ ለአንድ ቀን አስታረቀው።

የቤተ ክርስቲያንን ሐሳብ ማረምና አለማረም የሲኖዶስ ሥራ ነው እንጂ እንደ እኔ ያለ የአንድ ካህን ሥራ አይደለም፤ አንዲት ቤተ ክርስቲያንም ብቻዋን ብታርም ከእኅቶችዋ ትለያለችና አዲስ ክፍፍል ይሆናል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ሃይማኖት አትታረምም፤ ቍጥር ግን ይታረማል። የ318ቱ አባቶች ሃይማኖት፣ ወልድ ከአብ ጋራ ዕሩይ ነው የሚለው፣ ዓለም እስኪያልፍ ይጸናል። የ19 ዓመት ዙር ግን ከሜቶን የተወሰደ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያም ሲደንዝ ይሳላል። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ቍጥሩ ሲሳሳት ሃይማኖቱ ትናወጽበታለች፣ ወይ ሃይማኖቱን ለማዳን ብሎ ዐይኑን ይጨፍናል። የጋሊሌዎ ዳኞች ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ሃይማኖትን የሚንቁትም እስከ ዛሬ በዚያ ያፌዛሉ።

ዛሬ የሚያስፈራኝ የቍጥሩ ስሕተት አይደለም፤ የቍጥሩ መረሳት ነው እንጂ። በዓሉን ከታተመ ወረቀት ላይ አይቶ የሚያውጅ ካህን በዝቷል፤ አበቅቴን የሚያወጣ ግን አንሷል። የማያውቀውን ሐሳብ የሚጠብቅ ሰው ጠባቂ አይባልም፤ የማያውቀውን ሐሳብ የሚነቅፍም ሐያሲ አይባልም። ስለዚህ ክቡራን አባቶች ሆይ፣ በየደብራችሁ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር መምህር እንዳይጠፋ ጠብቁ። እናንተም መኳንንት ሆይ፣ ልጆቻችሁ የሰማይን ምርምር በተማሪ ቤት ሲማሩ፣ አባቶቻቸው ያንኑ ሰማይ በጣቶቻቸው ቈጥረው እንደ ነበር ይወቁ፤ የተማረው ልጅና የቈጠረው አባት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይነጋገሩ። የኒቅያ አንድነት የሚመለስ ከሆነ ሃይማኖትንም ቍጥርንም በሚያውቁ ሰዎች እጅ ይመለሳል።

በዚህ ጽሕፈት ጉድለት ያገኘ ሊቅ በፍቅር ያርመው። ብርሃናትን ለምልክትና ለዘመን ለፈጠረ፣ ከመቃብርም ተነሥቶ ብርሃንን ለገለጠልን ለእርሱ ክብርና ምስጋና ለዘለዓለሙ ይሁን፤ አሜን።